ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሐርቡ፦ የማሰባጠር ብልሃት እና የተቆረጠው መስመር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ከሚሴ ይገባል። ቀጥሎ ሐርቡ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ ነው። በዚህ መንገድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ ስልክ የሚያወራ ተሳፋሪ ተራራ በጋረደው፣ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር የሬዲዮ ሞገዱ ይደክማል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ወሬው ግን አይቋረጥም። ከዚህ ጀርባ ከ70 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ታሪክ አለ። ታሪኩ የት ላይ አቅም እንደሚያጣ ደግሞ የከሚሴ ሰው አሳምሮ ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ1948 በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ክላውድ ሻነን አንድ ትልቅ ነገር አረጋገጠ። ጫጫታ ያለበት መስመር ሁሉ የአቅም ጣሪያ አለው። ከዚያ ጣሪያ በታች እስከተላከ ድረስ ስህተትን የተፈለገውን ያህል መቀነስ ይቻላል። እንዴት እንደሚሠራ ግን አላሳየም። ባልደረባው ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 ስሙን የያዘውን ስህተት አራሚ ኮድ አሳተመ። ሐሳቡ ከመልእክቱ ጋር ትርፍ ቢቶች መላክ ነው፤ ተቀባዩ በትርፎቹ እያመሳከረ የተበላሸውን ያርማል።

ችግሩ፣ እንዲህ ያሉ ኮዶች የሚችሉት እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ ስህተትን ነው። የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ሲጠፋ ተከታትሎ፣ በአንድ ላይ ነው የሚጠፋው። ልክ እንደ በረዶ፤ አንዱን ማሳ ድምጥማጡን አጥፍቶ ጎረቤቱን ሳይነካው ያልፋል።

መፍትሔው ማሰባጠር ሆነ። ሦስት ከተሞች ከላይ ወደ ታች ይጻፉ፦

ከ ሚ ሴ
አ ጣ ዬ
ሐ ር ቡ

እንዳሉ ወደ ጎን ተልከው መሀል ላይ ሦስት ፊደል ቢጠፋ አጣዬ ሙሉ በሙሉ ጠፋች፤ ማንም አይመልሳትም። ከላይ ወደ ታች እየተነበቡ «ከአሐ፣ ሚጣር፣ ሴዬቡ» ተብለው ቢላኩስ? ያው መሀለኛው ሦስት ፊደል ቢጠፋ ተቀባዩ መልሶ ሲደረድር «ከ_ሴ፣ አ_ዬ፣ ሐ_ቡ» ያገኛል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሦስቱንም ይሞላቸዋል። የጠፋው መጠን አልቀነሰም፤ ጉዳቱ ተከፋፈለ እንጂ። ማሳው በየቦታው የተበታተነ ገበሬ ይህን ከመሐንዲሶቹ በፊት ያውቀዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ይህ ብልሃት በየሰው ኪስ የገባው ከሞባይል ጋር ነው (መንዙማና ዘፈን የተሸጠበት ሲዲም ጭረት የሚችለው በዚሁ ዘዴ ነው)። በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ጂ.ኤስ.ኤም. ድምፅን በ20 ሚሊሰከንድ ይቆርጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ 260 ቢት ነው። ትርፍ ሲጨመርበት 456 ይሆናል፤ እሱም 57 ቢት እያለ ለስምንት ተከፍሎ በስምንት የተለያዩ የሬዲዮ ምቶች ይጓዛል። አንድ ምት ቢጠፋ ከቁራጩ የሚጎድለው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ቁጠባውም ያስገርማል፤ ከ260ዎቹ 78ቱ፣ ቢሳሳቱም ጆሮ ብዙም የማይታዘባቸው፣ ያለ ምንም ጥበቃ ይላካሉ።

ማሰባጠር ከረዳትነት ወደ ዋና ተዋናይነት የተሸጋገረው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ክሎድ ቤሩ፣ አላን ግላቪዩና ፑንያ ቲቲማጅሺማ ጄኔቫ ላይ ተርቦ ኮድን አቀረቡ። ሁለት ኮደሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ቢቶቹን በቅደም ተከተላቸው፣ ሌላው ተሰባጥረው ያነባቸዋል። ተቀባዩ ጋ ሁለት አራሚዎች ግምታቸውን እየተቀባበሉ ደጋግመው ያስተካክላሉ። ውጤቱ ከሻነን ጣሪያ አንድ ዴሲቤል እንኳ የማይሞላ ርቀት ላይ ደረሰ። ብዙ ባለሙያ መጀመሪያ አላመነም፤ አለማመኑም አይፈረድበትም። ተርቦ ኮድ የ3ጂና የ4ጂ ኮድ ሆነ። በ4ጂ እስከ 6144 ቢት የሚደርስ ጥቅል በአንድ አራሚ ከተሠራ ስለሚዘገይ፣ ብዙ አራሚዎች ማኅደረ ትውስታ ላይ ሳይጋጩ በትይዩ እንዲሠሩ የሚያስችል የማሰባጠሪያ ቀመር ተመረጠ።

ይህ ሁሉ ሒሳብ ከሚሴ ላይና ፓሪስ ላይ አንድ ነው። «ኔትወርክ የለም» ሲባል ብዙ ጊዜ የጎደለው ሌላ ነው፦ ታወር፣ መብራት፣ ወይም ፈቃድ። የጂ.ኤስ.ኤም. ማሰባጠር የሚሸፍነው ርቀት 37 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ ግን መዘናጋት የሚለካው በቀናትና በሳምንታት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ያ የሞገድ መድከም ሳይሆን ውሳኔ ነበር። ለመዝጋቱ የተሰጠው ምክንያት የጸጥታ ነው። የከፈለው ግን ተዋጊ ብቻ አልነበረም። ከከሚሴም ከባቲም ልጆቻቸው ሳዑዲ የሚሠሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ እናትና ልጅ የሚገናኙት በኢሞ ነው፣ ኢሞ ደግሞ ያለ ዳታ አይሠራም። መደበኛ ጥሪ ቢኖርም ለቤት ሠራተኛ ልጅ የደቂቃው ዋጋ የሚቀመስ አይደለም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ እናቶች እጅ ላይ በነበሩት ስልኮች ውስጥ፣ የጄኔቫውን ብልሃት የተሸከመችው የዳታ አራሚ ሥራ ፈታ ተቀምጣ ነበር። የምታርመው ቢት አልደረሳትም።