የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ከቆራጣ ገበያ እስከ ቴሌግራም ሱቅ

አንድ ሻጭ 38,000 ብር ብሎ ሊጽፍ አስቦ አንዲት ዜሮ ቢዘነጋና ስልኩን በ3,800 ብር ቢለጥፈው ምን ይሆናል? ገዥው አይቶ፣ በቴሌብር ከፍሎ፣ ደረሰኙን ይዟል። ሻጩ «ተሳስቻለሁ፣ ብርህን ውሰድ» ይላል። ገዥው ደግሞ «የጻፍከው አንተ፣ የተቀበልከው አንተ» ብሎ ይሞግታል። ነገሩ የኢንተርኔት ዘመን ጣጣ ይመስላል። ሥሩ ግን ሩቅ ነው፤ ዋጋ ከሰው አፍ ወጥቶ በጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ ይጀምራል።

የደራ ወረዳ ዋና ከተማ አንበሳሜ ናት። ከዚያው ከደራ ምድር፣ ጣና ዳር ላይ፣ ቆራጣ አለች። ዛሬ ስሟ የሚነሳው ከወለተ ጴጥሮስ ጋር ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ስመ ጥር የነጋዴ ከተማ ነበረች። ወደ ሰሜን ከፍ ሲባል ደግሞ የይፋግ ገበያ አለ። በእነዚህ ገበያዎች መገበያያው አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ነበር። የአሞሌው ዋጋ ቋሚ አልነበረም፤ ጨው ከሚቆረጥበት ከአፋር በረሃ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ጠገራውም ቢሆን ዝም ብሎ አይወሰድም፤ ይገላበጣል፣ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ ያረጀው ይመለሳል። እንዲህ ባለ ገበያ ዋጋ ማለት ንግግር ነው። ሻጭ ይጠራል፣ ገዥ ይቀንሳል፣ ሻጭ የገዥውን ፊት ያነባል። አፉ ቢያዳልጠው እንኳ ገዥው ሳይከራከር እጁን ወደ ገንዘቡ ሲሰድ ያየዋል፤ ስህተቱን እዚያው ያርመዋል።

ቁርጥ ዋጋ መለጠፍ በዓለም ላይ የተስፋፋው በዚያው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ የፓሪሱ ቦን ማርሼ መደብር ከሚጠቀሱት ፋና ወጊዎች አንዱ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ ሀብታምም ድሃም፣ ክርክር የሚችልም የማይችልም በእኩል ዋጋ ይገዛል። ሆኖም ዋጋው ከሻጩ ተለየ። ሻጩ ቤቱ ተኝቶ ወረቀቱ ይናገርለታል። ወረቀት ደግሞ የተሳሳተውን ሳያፍር ይደግመዋል።

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ቀድሞ ተዘጋጅቷል ማለት ይቻላል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1687 ላይ የዋጋ ዝርዝር መለጠፍ ወይም ዕቃን ለሕዝብ ማሳየት ብቻውን ውል የማቅረብ ሐሳብ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ዋጋው ተለጥፎ ስለታየ ብቻ ውል ተቋቋመ አይባልም። ሻጩ ትዕዛዙን ከተቀበለ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ተሳሳትኩ የሚለው ወገን፣ እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ እንደማይዋዋልና ስህተቱም በውሉ ዋና ነገር ላይ መሆኑን ማሳየት አለበት። ቁጥር 1702 ደግሞ ስህተትን ከቅን ልቦና ውጭ መከራከሪያ ማድረግን ይከለክላል። ቁጥር 1703 ሚዛኑን ይጨርሳል፤ በስህተቱ ምክንያት ውሉን የሚያፈርሰው ሰው በሌላው ላይ የደረሰውን ጉዳት ይክሳል፤ ሌላው ወገን ስህተቱን ካወቀ ወይም ማወቅ ይገባው ከነበረ ግን ካሳ የለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በኢንተርኔት የሚደረግ ውል ሕጋዊ ዕውቅና እንዲኖረው አደረገ።

«ገዥው ያውቅ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ በሌላም አገር ፍርድ የዞረበት ምሰሶ ነው። በፈረንጆች 1999 የእንግሊዙ አርጎስ 299.99 ፓውንድ የሚያወጣ ቴሌቪዥን በድረ ገጹ ላይ በ2.99 ፓውንድ አወጣ፤ ትዕዛዝ ጎረፈ፤ ኩባንያው አልሸጥም አለ። በ2002 ኮዳክ 329 ፓውንድ የሚሸጥ ካሜራ በ100 ፓውንድ ለጠፈ። መጀመሪያ ቢያንገራግርም ለገዥዎቹ ማረጋገጫ ልኮ ስለነበር በመጨረሻ በዚያው ዋጋ አስረከበ። በ2003 ደግሞ በሲንጋፖር 3,854 ዶላር የሚያወጣ ማተሚያ በ66 ዶላር ተለጠፈ። ስድስት ሰዎች 1,606 ማተሚያ አዘዙ። ፍርድ ቤቱ ሌሊት የተጻጻፉትን መልእክት አይቶ፣ ዋጋው ስህተት መሆኑን እያወቁ ነው የገዙት ብሎ ውሉን ውድቅ አደረገ። አንድ ማተሚያ ያዘዘ ሰው «ቅናሽ መስሎኝ ነው» ሊል ይችላል፤ በመቶ የሚቆጠር ያዘዘ ሰው ግን ምን መስሎት እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል።

በኢትዮጵያ ይህ ፈተና በትልቁ የመጣው በሱቅ ሳይሆን በባንክ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛንፎ ደንበኞች ከሌላቸው ሒሳብ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዛመተ፤ በኤቲኤም ደጃፍ በሌሊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ ያለአግባብ ወጣ ያለው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። በፈቃዱ የመለሰ እንደማይከሰስ ተነገረ፣ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ፤ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ወደ 623 ሚሊዮን ብር ገደማ ተመለሰ። የዋጋ ስህተት አይደለም፤ የቅርብ ዘመዱ ግን ነው። በሰው ንብረት ያለአግባብ የበለጸገ ይመልስ የሚለው የቁጥር 2162 መርህ «ማሽኑ ሰጠኝ» የሚል ሰበብ አያውቅም።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የገዥ ብቻ ይመስላል። ሻጭም የራሱ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ70 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ቀን ትናንት ከፍሎ ዕቃውን ለሚጠብቅ ሰው «ዋጋው በስህተት ነው» ብሎ መመለስ ይቀላል። ይህ ግን ስህተት ሳይሆን ጸጸት ነው። ስህተት ማለት በተስማሙበት ሰዓት ልብ ሌላ፣ ጽሑፍ ሌላ ሲሆን ነው። ልብና ጽሑፍ አንድ ሆነው ገበያው በማግስቱ ቢለወጥ ግን ንግድ ነው፤ ትርፉን የሚወስድ ኪሳራውንም ይሸከማል።

ስለዚህ መንገዱ ያን ያህል ውስብስብ አይደለም። ዋጋው ከገበያው እጅግ የራቀ ሆኖ ያገኘው ገዥ ከመክፈሉ በፊት «ዋጋው ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱንም ስክሪንሾት ያንሳ። ከዚያ ወዲያ «ማወቅ ይገባው ነበር» የሚለው የለም። ሻጩ ስህተቱን ባየ ጊዜ ዕቃው ሳይጫን ይናገር፤ ብሩን ሙሉ ለሙሉ በዚያው ቀን ይመልስ፤ ገዥው ለትራንስፖርት ያወጣው ካለም ይካስ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» እያሉ መሸሽም መፍትሔ አይደለም። በ2006 ዓ.ም የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል።

አርጎስ በአንድ ሌሊት ስህተት አልከሰረም። ባሕር ዳር ላይ በተበደረው ብር አሥር ስልክ አምጥቶ በቴሌግራም የሚሸጥ ወጣት ግን አንዲት ዜሮ ከሥራ ታስወጣዋለች። ያንን ስልክ በ3,800 ብር የያዘ ሰው በቆራጣ ገበያ ቢሆን ኖሮ የሻጩን ፊት ያይ ነበር። ዛሬ ፊቱ አይታይም እንጂ ሰውየው አለ።