ደለል
“ደለል” ጎርፍ ከተራቆተ መሬት አጥቦ ወደ ወንዝ የሚያስገባውና የውሃው ፍጥነት በቀነሰበት ስፍራ የሚዘቅጠው ደቃቅ አፈር ነው። ለወንዝ ዳር ገበሬ ቃሉ ለምነትን ያመለክታል፤ በሐይቅ ውስጥ ግን የጉዳት ስም ነው። የጣና ሐይቅ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሰፋም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ገደማ ስለማያልፍ፣ ነፋስ የዘቀጠውን ደለል መልሶ ያናውጠዋል፤ በዚህም ውሃው ይደፈርሳል፣ ብርሃን ወደ ታች አይዘልቅም፣ የዓሣ ምግብ መነሻ የሆኑት ዋቅላሚዎች፣ ማለትም ደቃቅ የውሃ ዕፅዋት መሰል ሕያዋን፣ እድገታቸው ይገታል፤ ከአፈሩ ጋር የሚገባው ፎስፈረስም እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም ይመግባል።

ከሁሉም የሚከፋው በዓሣ መራባት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በጣና ብቻ ከሚገኙት የላቤዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች በርካቶቹ በክረምት እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ተጉዘው በንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ደለል የጠጠሩን ክፍተት ሲደፍነው እንቁላሉ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ በመራቢያ ወራት በወንዞቹ አፍ መረብ መዘርጋትን መከልከል፣ አስፈላጊነቱ ባያጠራጥርም፣ ብቻውን አይበቃም፤ ተፋሰሱ፣ ማለትም ዝናቡ ወደ ሐይቁ የሚወርድበት አገር ሁሉ፣ እርከን ካልተሠራለትና የወንዝ ዳር እርሻ ካልተገታ፣ የዓሣ ሀብት ጥበቃ ግማሽ ሥራ ሆኖ ይቀራል።