ስፓኒየል፦ ከአደን ሜዳ ወደ ሳሎን

ዛሬ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚታየው ስፓኒየል በመሠረቱ የሥራ ውሻ ነው። የደቡብ ፈረንሳይ ባላባት ጋስቶን ፌቡስ እ.ኤ.አ. በ1387 መጻፍ በጀመረው የአደን መጽሐፉ፣ ከእስፔን የመጣ የወፍ ውሻ ሲል ይጠቅሰዋል። በዚያ ዘመን ወፍ በጥይት አይታደንም፤ ውሻው ቁጥቋጦ ውስጥ የተሸሸገችውን ቆቅ አሽትቶ ያስነሣል፣ የቀረው የጭልፊትና የመረብ ሥራ ነው። በ1570 ስለ እንግሊዝ ውሾች በላቲን የጻፈው ሐኪም ጆን ካዩስ ደግሞ የየብሱንና የውኃውን ስፓኒየል ለይቶ ሲያበቃ፣ በወይዛዝርት ጭን ላይ የሚቀመጠውን ትንሹን ለብቻው መደበው። የአዳኙና የእልፍኙ ውሻ መንገድ ያኔውኑ ተለያይቶ ነበር።

የእልፍኙ ውሻ ቤተ መንግሥት ገባ። ባለሥልጣኑ ሳሙኤል ፒፕስ የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በምክር ቤት ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ትቶ ከውሻው ጋር ሲጫወት ማየቱን በማስታወሻው በትዝብት ጽፏል። አዳኙ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ከሥራው አልወጣም። ከአንድ እናት በአንድ ቀን ከተወለዱት ውስጥ ቀላሉ ኮከር፣ ከባዱ ስፕሪንገር ይባል ነበር። በ1873 የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ ተቋቁሞ ዝርያዎች በመዝገብ ሲለያዩ ውሻው በሥራው ብቻ ሳይሆን በመልኩም መዳኘት ጀመረ። ዛሬም በሁለቱ ዝርያዎች ውስጥ የመልክ ውድድርና የአደን የዘር ሐረግ አለ። የአደኑን ሐረግ ወስዶ ቤት የዘጋበት ሰው ጫማው ቢታኘክ ሊገርመው አይገባም፤ ውሻው ባለጌ ሆኖ ሳይሆን ሥራ ፈትቶ ነው።

አሜሪካ የገባው ኮከር አጠረ፣ ጸጉሩም ረዘመ፤ በ1946 የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ከእንግሊዙ ለየው። በ1952 ሪቻርድ ኒክሰን በቴሌቪዥን ቀርቦ ለልጆቹ በስጦታ የመጣውን ኮከር፣ ቼከርስን፣ እንደማይመልስ ሲናገር፣ ኮከር በአገሩ እጅግ ተወዳጅ ውሻ ነበር። ዝናው ግን ጤናና ጠባይ ሳይመርጥ ለገበያ የሚያራባውን ሁሉ ጠራ።

የእልፍኙ ውሻ ዘር የሆነው የካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ታሪክ ይብሳል። በ1926 አሜሪካዊው ሮዝዌል ኤልድሪጅ በለንደኑ የክራፍትስ ትርኢት፣ በጥንታዊ ሥዕሎች ላይ እንደሚታዩት አፈ ረጅም ለሆኑ ስፓኒየሎች 25 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። ዝርያው ከጥቂት ውሾች ተነሥቶ በ1945 እውቅና አገኘ፤ የዘሩ ጥበትም ችግር ይዞ መጣ። የልብ ቫልቭ ሕመም ይበዛበታል፤ የራስ ቅሉ ለአንጎሉ ስለሚጠብበትም የኅብለ ሰረሰር ሕመም የሚያሠቃያቸው ብዙዎች ናቸው። በ2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት ካቫሊየርን ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል ብሎ ፈርዷል።

እንግዲህ ለቤተሰብ የሚመርጥ ሰው ጊዜውንና ጉልበቱን ይመዝን። ስፕሪንገር 23 ኪሎ ገደማ ነው፤ በየቀኑ መሮጥ ይሻል። እንግሊዛዊው ኮከር 14 ኪሎ ገደማ ቢመዝንም ጉልበቱ ቀላል አይደለም። ካቫሊየር ከ5 እስከ 8 ኪሎ ነው፤ መጠነኛ ሽርሽር ይበቃዋል። የሁሉም ጆሮ ረጅምና ጸጉራም በመሆኑ አየር አያገኝም፤ በየሳምንቱ ይታይ፣ ከታጠበ በኋላ ይድረቅ፤ ከሸተተ ውሻው ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂድ። ጸጉሩ ቶሎ ቶሎ ካልተበጠረ ይቋጠራል። ምግብ ስለሚወድ የሚሰጠው ይለካ። ሕፃናትም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት ይማሩ።

ከሁሉ በፊት ግን የቡችላውን ዓይን ሳይሆን የወላጆቹን የምርመራ ወረቀት እዩ። የልብና የዓይን ምርመራ ውጤት ማሳየት የማይፈልግ አራቢ ካጋጠማችሁ፣ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።