የፓዱዋው መምህርና የሮማው ጉልላት

በሰሜን ኢጣልያ የምትገኘውን የፓዱዋን ከተማ የሚጎበኝ መንገደኛ በቅድሚያ ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን ይመለከታል። አንደኛው በ1232 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ተጀምሮ በበርካታ ጉልላቶች የተከደነው የፓዱዋው ቅዱስ አንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛው በ1222 የተቋቋመውና ጋሊሊዮ ከ1592 ጀምሮ ለ18 ዓመታት ያስተማረበት ዩኒቨርሲቲ ነው። የትምህርት ቤትና የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ዝምድና ከጉርብትና ያለፈ መሆኑን የሚያስረዳው ታሪክ ግን የተፈጸመው በሮማ ነው።

ሚካኤል አንጀሎ የነደፈው የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ግንባታው በ1590 በጃኮሞ ዴላ ፖርታ ተፈጸመ። የውስጡ ስፋት 42 ሜትር ያህል ነው። ከ150 ዓመት በኋላ በግንቡ ላይ ስንጥቆች ስለ በዙ የሮማ ሕዝብ ሰጋ። በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 14ኛ ትእዛዝ የመረመሩት ሦስት የሒሳብ ሊቃውንት ሁኔታው አስጊ መሆኑን ገልጸው፣ ተጨማሪ የብረት ቀለበቶች እንዲታሰሩ አሳሰቡ። ሚካኤል አንጀሎ ያለ ሒሳብ የነደፈውን ያለ ሒሳብ ማደስ ይቻላል የሚሉ ተቃዋሚዎችም ተነሡ።

በ1743 ከፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የተጠራው መምህር ጆቫኒ ፖሌኒ ነበር። ፖሌኒ ጉልላቱን በሐሳብ እንደ ብርቱካን 50 ቦታ ከፈለው። ፊት ለፊት የሚደጋገፉትን ሁለት ክፋዮች በየቁራጩ አስልቶ፣ በዚያው ልክ የተመጠኑ 32 ክብደቶችን በሰንሰለት ላይ አንጠለጠለ። ሰንሰለት በመሳብ የሚይዘው ቅርጽ ሲገለበጥ ቅስት በግፊት የሚቆምበት ቅርጽ እንደሚሆን እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1675 አስታውቆ ነበር። የፖሌኒ ሰንሰለት ተገልብጦ ሲሳል ከግንቡ ውፍረት ሳይወጣ ቀረ፤ ጉልላቱም ቢሰነጠቅ ለመውደቅ እንዳልተቃረበ ታወቀ።

ሆኖም ፖሌኒ በዚህ ረክቶ አልተቀመጠም። የቀለበቶቹን መጨመር ደግፎ፣ በ1743 እና በ1744 አምስት የብረት ቀለበቶች ታሰሩ። ከጥንቶቹ ቀለበቶች አንዱ ተበጥሶ በመገኘቱም በ1748 ስድስተኛው ተጨመረ። በዚያው ዓመት ፖሌኒ የጥናቱን መጽሐፍ አሳተመ።

የአሮጌ ሕንፃ ጥበቃ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ስንጥቅ ባየ ቁጥር ይፈርሳል ብሎ የሚያስደነግጥ ባለሙያ ያለ በቂ ምክንያት ቅርስን ያስፈርሳል፤ ለዘመናት ቆሟልና አይነካውም ብሎ የሚተኛም የሰው ሕይወት ያጠፋል። ፖሌኒ አስቀድሞ መዘነ፣ የመዘነውንም ሳይፈራ ተናገረ፣ ከዚያም ብረቱ እንዲታሰር ፈረመ። ጉልላቱም እስከ ዛሬ ቆሟል።