የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012
የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የኢትዮጵያ ሕግ። ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት አድርጎ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። የትምህርት፣ የዜና፣ የኪነ ጥበብና የሃይማኖት አስተምህሮ ንግግሮች አይነኩም። ትርጓሜው ሰፊ ስለሆነ ተቺዎችን ማፈኛ ሊሆን ይችላል የሚለው ስጋት መሠረት የለሽ አይደለም። ለንጽጽር ያህል፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 እ.ኤ.አ. በብራንደንበርግ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ቅስቀሳ የሚያስቀጣው ወዲያውኑ ሕገ ወጥ ድርጊት ለማስነሳት ታስቦ የተነገረና ይህንንም ሊያስከትል የሚችል ሲሆን ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያው አዋጅ ግን አደጋው እስኪቃረብ አይጠብቅም።