መስፍኑ ያባረረው ወይን

እ.ኤ.አ. በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ «ጋሜ» የተባለው የወይን ተክል ለሰው ጎጂ ነው ብሎ ከግዛቱ እንዲነቀል አዘዘ። እሱ የሚፈልገው ፒኖ ኗርን ነበር። ጋሜ ግን ቶሎ የሚደርስ፣ ብዙ የሚያፈራ የገበሬ እንጀራ ነው።

ተክሉ አልጠፋም። ከቡርጎኝ በስተደቡብ ያሉት የቦዦሌ ኮረብቶች ግራናይታማ አፈር ተስማማው። በዚያ ቤተሰቦች ዘለላውን ሳይጨፈልቁ በተዘጋ ጋን ያስቀምጡታል፤ መፍላቱ የሚጀምረው ከፍሬው ውስጥ ነው። እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት ለስላሳ ቀይ ወይን ጠጅ የሚገኘው እንዲህ ነው።

በ1951 አዲሱን ወይን ጠጅ በዚያው ዓመት ኖቬምበር መሸጥ ተፈቀደ። ከ1985 ጀምሮ ቀኑ የወሩ ሦስተኛ ሐሙስ ሆነ። ገበያው ደራ፤ ችኮላው ግን ጣዕሙን በላው። ከ2001 ምርት ሳይሸጥ የቀረ ከ1 ሚሊዮን ካርቶን በላይ ወይን ጠጅ እንዲወገድ ወይም ወደ አልኮል እንዲቀየር ተደረገ።

የቦዦሌን ክብር የመለሱት በሞርጎን እንደነ ማርሴል ላፒየር ያሉ የቤተሰብ አምራቾች ናቸው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ማሳቸውን ከኬሚካል አራቁ፤ ወይን ጠጃቸውንም በትዕግሥት ጠመቁ።

ወዳጆች፣ መጀመሪያ መስፍኑ፣ ኋላም ገበያው ለገበሬው ወሰኑለት። ወይኑን ያተረፈው ግን ሁለቱም ያልጠየቁት ገበሬ ነው።