ሞተር በሦስት ሲሄድ

ከኢትዮጵያ ከተሞች የመጣ ሰው ቮልስዋገንን ሳያውቅ አልቀረም። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት የሆነችው ይህች ክብ መኪና የመምህሩም፣ የነርሷም፣ የነጋዴውም ነበረች። አፄ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ዕለት ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። የዚህ ዓይነት የመጨረሻዋ መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ስትወጣ ጠቅላላ ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። (እዚህ አገር በዕድሜ ከገፉት ጎረቤቶቻችን መካከል ይህችን መኪና ማየት የማይፈልጉ ቢኖሩ አይግረመን። የተፀነሰችው በናዚ ጀርመን ነው፤ በጦርነቱም ዘመን ፋብሪካው በግዳጅ በተወሰዱ ሰዎች ጉልበት ይሠራ ነበር።)

ዛሬ በእስራኤል 30 ዓመት የሞላው መኪና «ሬኸብ አስፋኑት»፣ ማለትም የሰብሳቢዎች መኪና ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ባለቤቶቹ እንደ ልጅ ይንከባከቡታል፤ ሲታመም ግን አሮጌ ሞተር የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይገኝም። በሌላ በኩል ሥራ ፍለጋ ወደ እኛ ከሚመጡት አባቶች አንዳንዶቹ «ምን ሙያ አለዎት?» ተብለው ሲጠየቁ «ምንም፤ ጋራዥ ነበርኩ» ብለው ያልፉታል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ «ምንም» ስለተባለው ነገር ነው።

የአሮጌ መኪና የተለመደው ሕመም ሞተሩ ሚስ ማድረጉ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በየሴኮንዱ 100 ብልጭታ ይፈልጋል። ብልጭታው ከቀረ ወይም ሰዓቱን ካሳለፈ ቤንዚኑ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ትለግማለች፣ አንዳንዴም ከኋላዋ እንደ ጥይት ትጮኻለች።

ይህ የብልጭታ ነገር ሞተር የፈለሰፉትን ሰዎች ብዙ አድክሟል። ሌኖይር እ.ኤ.አ. በ1860 የጋዝ ሞተሩን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቀጣጥሎ ነበር፤ ኦቶ ግን በ1876 ባለ አራት ምት ሞተሩን ሲሠራ ወደ ነበልባል ተመለሰ። በ1902 በሮበርት ቦሽ ድርጅት ይሠራ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አዋሐደ። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ያዘጋጀው በባትሪ የማቀጣጠል ዘዴ ደግሞ በ1910 በወጣው ካዲላክ ላይ ተገጠመ። ከዚያ ጀምሮ የኤሌክትሮኒክስ ዘዴ በ1970ዎቹ እስኪስፋፋ ድረስ አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች በዚሁ በኬተሪንግ መንገድ ሄደዋል። ባትሪው ቦቢናውን ይመግባል። ፑንቲናው ሲከፈት በቦቢናው ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ ኃይል በቅጽበት ይወድቅና 6 ወይም 12 የነበረው ቮልት ብዙ ሺህ ይሆናል። ዲስትሪቢዩተሩም ይህንን ለአራቱ ካንዴላዎች በተራ ያድላል። የቮልስዋገን ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው።

መካኒኩ በሽታውን የሚፈልገው በዚሁ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ግን ያዳምጣል። ጉድለቱ እንደ ሰዓት ምት እኩል እየተመላለሰ ከተሰማ አንዱ ሲሊንደር ሞቷል ማለት ነው፤ «በሦስት ይሄዳል» የሚባለው ይህ ነው። ያለ ሥርዓት አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ ሁሉም በሚካፈሉት ነገር ላይ ነው፤ ፑንቲናው፣ ኮንደንሰሩ፣ ቦቢናው ወይም ካርቡራተሩ ይጠረጠራል። ቀጥሎ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ የካንዴላ ገመዶች አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ገመዱ ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ከወረደ ያ ሲሊንደር ሠራተኛ ነበረ፤ ምንም ካልተለወጠ ሰነፉ እሱ ነው። (ልጆቻችን ይህንን በአዲስ መኪና ላይ እንዳይሞክሩት አደራ! የአዲሶቹ ቮልት እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ሰውን ይጎዳል፤ ኤሌክትሮኒክሱንም ያቃጥላል።)

ሰነፉ ከታወቀ በኋላ ካንዴላው ከጤነኛው ሲሊንደር ካንዴላ ጋር ይለዋወጣል። በሽታው ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ነገሩ በርካሽ አለቀ። ካልሄደም የካንዴላው ጫፍ ብዙ ይናገራል። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ጤና ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ካለበት ቤንዚን በዝቷል፤ በቤንዚን ከራሰ ብልጭታ አልደረሰውም፤ በዘይት ከራሰ የፒስተኑ ቀለበት አልቋል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶታል ወይም ከልክ በላይ ግሏል። ብረት ቀጥቃጭ አያቶቻችን ማረሻው መቼ ለመዶሻ እንደሚደርስ በፍሙ ውስጥ ካለው ቀለሙ ያውቁ ነበር። በዚያ ሙያቸው ብዙ ስድብ ተቀብለውበታል፤ ዓይናቸው ግን የመሐንዲስ ዓይን ነበር።

ፑንቲናው ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የሚታሸው ክፍል እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ብልጭታውም ይዘገያል። ጫፎቹ በፍጥነት የሚቃጠሉ ከሆነ ፑንቲናውን ደጋግሞ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ኮንደንሰሩ ይታይ። በዝናብ ቀን ብቻ ሚስ የምታደርግ መኪና ካለች ደግሞ ማታ በጨለማ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ መመልከት ነው። የተሰነጠቀ የዲስትሪቢዩተር ክዳን ወይም ያረጀ ገመድ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ በላዩ ሲሯሯጥ ይታያል። መሣሪያ የሌለው መካኒክ ዘዴ ይህ ነው፤ ከብዙ መሣሪያም ይበልጣል እንላለን።

በቮልስዋገን ግን ሰነፉ ሦስተኛው ሲሊንደር ሆኖ ከተገኘ የልምድ ባለቤት ፊቱ ይለወጣል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደዚህ ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለሆነ ሦስተኛው ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። ፋብሪካውም ይህንን ስለሚያውቅ በአንዳንድ ዲስትሪቢዩተሮች የሦስተኛውን ብልጭታ ሆን ብሎ ጥቂት አዘግይቶታል፤ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ማቀዝቀዣውን ከአየሩ መንገድ አወጣው። የቫልቭ ክፍተት በየጊዜው ካልተስተካከለ የጭስ ማውጫው ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፤ ሳይዘጋ እየጋለ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ካንዴላ መለወጥ አያድንም፤ ቴስታታው መውረዱ ነው።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሙሳኽ ገብቶ የሚያፍረው በቋንቋው ነው። ፕላጊም፣ ፕላቲኖት፣ ኮይል፣ ብሬክሲም ሲባል ይደነግጣል። ነገር ግን የኛዎቹ ቃላት ከየት መጡ? ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ቦቢና፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታም ጣልያንኛ ናቸው። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዘው ሲሄዱ ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። የእዚህ አገር መካኒኮች ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 1948 ከገዟቸው እንግሊዞች ወረሱ። ፕላግና ብሬክስ እንግሊዝኛ ናቸው፤ የጎማ ፓንቸርም እንደዚሁ። «ቤክአክስ» ማለት በእንግሊዝኛ የኋላ አክስል ሆኖ ሳለ የፊተኛውን «የፊት ቤክአክስ» የሚሉ የሙሳኽ ሰዎች መኖራቸውን ስንሰማ ስቀናል። የዕብራይስጥ ቋንቋ አካዳሚ የሚመርጣቸው ቃላት ሌሎች ናቸው፤ ካንዴላ ማጼት፣ ዲስትሪቢዩተር ማፍሌግ ይባላል። ስለዚህ አባቶች የሚማሩት ሙያውን ሳይሆን ሃያ የማይሞሉ ስሞችን ነው። ልጆች በአንድ ምሽት በአማርኛና በዕብራይስጥ ጽፈው ሊሰጧቸው ይችላሉ።

በአዲሶቹ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ሚስ ያደረገውን ሲሊንደር በቁጥር ይናገራል። ፒ 0303 ብሎ ከጻፈ ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። ካንዴላው ይሁን ቦቢናው ወይም ቫልቩ ግን አይናገርም። ወጣቱ መካኒክም ቦቢናውን ከሁለተኛው ሲሊንደር ጋር ለዋውጦ በሽታው ተከትሎ ይሄድ እንደሆነ ይጠብቃል።